በእናቴ ራስጌ የነበረው የሶዳ ብልቃጥ

እማዬ ልትተኛ ስትል ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል የሚሰማ ድምፅ ነበር። መጀመሪያ የብልቃጡ ክዳን ይላቀቃል። ቀጥሎ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይዞራል። ትንሽ ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ ረዘም ያለ ግሳት፣ በመጨረሻም «ተመስገን»። እኔና ወንድሜ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተን ያችን «ተመስገን» ስንሰማ ቀኑ አበቃ ማለት ነበር።

ብልቃጡ ቀድሞ ማርማላታ የነበረበት ነው። ወረቀቱ ታጥቦ ቢነሣም ሙጫው በአንድ በኩል ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ክዳኑ ቀይ ነው፤ ጠርዙን ዝገት ይዞታል። ውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት በክረምት ጓል ይሆናል፤ በማንኪያ ጫፍ ሲነኩት ግን ወዲያው ይፈርሳል። እማዬ «ሶዳዬ» ትለዋለች። ቦታው ወጥ ቤት ሳይሆን አልጋዋ ራስጌ፣ ከጸሎት መጽሐፏ ጎን ነበር።

ስለዚህ ዱቄት ለመጻፍ ካሰብሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ስለ ሶዳ ከሚነገረው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ሰው ይጎዳል። እኔ ሁለቱንም በአንድ ብልቃጥ ውስጥ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ሳልጽፍ ብቀር ቅር ይለኛል።

ከስሙ ልጀምር። አዳማ ገበያ ገብቶ «ሶዳ ስጠኝ» የሚል ሰው ሦስት የተለያየ ነገር ሊሰጠው ይችላል፤ ሦስቱም ነጭ ናቸው። አንደኛው የእማዬ ሶዳ ነው፤ ቤኪንግ ሶዳ፣ በኬሚስቶች አጠራር ሶዲየም ባይካርቦኔት። ሁለተኛው ቤኪንግ ፓውደር ነው። ይህ ያው ሶዳ ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀይጦ የተዘጋጀ ስለሆነ ለመነሣት ውሃና ሙቀት ብቻ ይበቃዋል። ሦስተኛው ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚገዙት ኮስቲክ ሶዳ ነው። ይህኛው ሥጋ ይበላል፤ ጉሮሮ ይልጣል፤ ዐይን ያጠፋል። ሦስቱን «ሶዳ» ብለን መጥራታችን ሁልጊዜ ያስፈራኛል። ባለ ሱቁ ከትልቁ ከረጢት እየዘገነ በፌስታል ቋጥሮ ሲሰጥማ፣ ቤት ከገባ በኋላ የቱ የቱ እንደሆነ የሚናገር አንድም ጽሑፍ የለም። እባካችሁ የታሸገና ስሙ የተጻፈበትን ግዙ። ያልታወቀ ነጭ ዱቄት ደግሞ በምላስ አይሞከርም።

ሶዳና ፓውደር ብቻ ከተምታቱባችሁ መለያው ቀላል ነው። ከፓውደሩ ትንሽ ለብ ያለ ውሃ ላይ ጣል ስታደርጉ ይንተከተካል፤ ሶዳው ግን ዝም ብሎ ይሟሟል። ሶዳው የሚነሣው ሎሚ ሲጨመቅበት ነው። ሎሚ ተጨምቆበት ዝም ካለ አርጅቷልና ጣሉት።

የዱቄቱ ጠባይ በሙሉ እዚህች ሎሚ ላይ አለ። ሶዳ ኮምጣጣ ነገር፣ ማለትም አሲድ ሲያገኝ ሁለቱም ይጠፋፉና በቦታቸው ጨው፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ይቀራሉ። ጋዙ ነው የሚንተከተከው፤ ጋዙ ነው ሊጡን የሚነፋው፤ እማዬን የሚያስገሳትም እሱ ነው። ጨጓራ ውስጥ ያለው አሲድ ሃይድሮክሎሪክ ስለሚባል ከሶዳ ጋር ሲገናኝ የሚቀረው ጨው ያው ወጥ ውስጥ የምንጨምረው የገበታ ጨው ነው። እማዬ በየማታው ጨጓራዋ ውስጥ ጨው ትሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው።

ሶዳ ለኛ ከውጭ አገር በካርቶን የመጣ ነገር ብቻ ይመስለናል፤ የተወለድነው ግን ሶዳ ላይ ነው። ከአዳማ ተነሥታችሁ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ ብትወርዱ፣ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላን አልፋችሁ አቢጃታ ሐይቅ ትደርሳላችሁ። ከሐይቁ ዳር ስትራመዱ መሬቱ ነጭ ቅርፊት ለብሶ እግር ሥር ይሰባበራል። አቢጃታም ሆነ ጎረቤቱ ሻላ መውጫ ወንዝ የላቸውም። ውሃው ከእሳተ ገሞራ ዐለት ያጠበውን ይዞ ይገባል፤ ፀሐይ ውሃውን ብቻ ትወስዳለች፤ ሶዳው ይቀራል። እዚያው ዳር ሶዳ አሽ፣ ማለትም የእማዬ ሶዳ ዘመድ የሆነውን ሶዲየም ካርቦኔት የሚያመርት ፋብሪካ የተተከለው ለዚህ ነው። ሐይቁ ግን ዛሬ የድሮው አይደለም፤ የሚገቡለት ወንዞች ለመስኖ እየተጠለፉ፣ ከራሱም ውሃ እየተሳበ በጣም ሸሽቷል። በልጅነቴ ከመኪና መስኮት አይቼው የነበረው ውሃ አሁን መስክ ሆኖ ሳየው ሆዴ ይረበሻል።

ከብት አርቢዎቻችን ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል። ከብቶቻቸውን ሆራ የሚባለውን ማዕድናማ ውሃ ያጠጣሉ፤ ቦሌ የሚባለውን ጨዋማ አፈር ያልሷቸዋል። የጥንት ግብፆችም አስከሬን ለማድረቅ የተጠቀሙበት ናትሮን ከደረቁ ሐይቆች የሚሰበሰብ የሶዳ ድብልቅ ነበር። ፋብሪካ ሠራሹ የመጣው በኋላ ነው። ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር ልጻፍና፣ ቤልጂጋዊው ኤርነስት ሶልቬይ ሶዳን ከጨውና ከኖራ ድንጋይ በአሞኒያ አማካይነት የሚያመርትበትን መንገድ በ1861 አስመዘገበ፤ ዱቄቱ በየድሃው ጓዳ የገባው ከዚህ ወዲህ ነው። ሶዲየም የሚለው ስም ራሱ ከሶዳ የተወሰደ ነው።

የምድራችን ሶዳ በእኔ አፍ ውስጥም ምልክቱን ትቷል። እስከ ስምንት ዓመቴ ያደግሁት ወንጂ አካባቢ ነው፤ የምንጠጣው የጉድጓድ ውሃ ነበር። ጥርሴ ቡናማ ነው። ከአዳማ ውጭ የሚያገኙኝ ሰዎች ሲያዩኝ «የናዝሬት ልጅ ነሽ?» ይላሉ፤ አይሳሳቱም። መንሥኤው ከዐለት ወደ ውሃ የሚገባ ፍሎራይድ የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በብዙ ያልፋሉ። ይህ ለምን እንደሆነ ሳነብ ደነገጥሁ። ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይዱን ይዞ ያስቀረዋል። የኛ የከርሰ ምድር ውሃ ግን ካልሲየሙ ያነሰ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔቱ የበዛ ነው፤ ስለዚህ ፍሎራይዱ የሚይዘው አጥቶ በውሃው ውስጥ እንደ ልቡ ይኖራል። በእማዬ ራስጌ ያለው ዱቄትና ጥርሴን ያጠቆረው ውሃ ዘመዳሞች ናቸው።

ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል ለፎቶግራፍ ብዬ ለአንድ ወር ያህል ጥርሴን በሶዳና በሎሚ ፈተግሁ። «በሳምንት ነጭ ይሆናል» ተብዬ ነው። ቀለሙ አልነቃነቅ አለ፤ በምትኩ ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ ጥርሴ እስከ አናቴ ድረስ ይነዝረኝ ጀመር። የፍሎራይድ ቀለም ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ የሚገባ ስለሆነ ከላይ በመፈተግ አይለቅም፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ የጥርስን ሽፋን ያሟሟል። ሶዳ ብቻውን፣ በእርጥብ ብሩሽ ላይ ጥቂት ነስንሶ ቀስ ብሎ ማሸት የቡናና የሻይ ቀለምን ያነሣል፤ የአፍ ሽታም ይቀንሳል። ከዚያ አያልፍም። የወንጂና የአዳማ ልጆች ካላችሁ፣ ጥርሳችሁን አትፈትጉት። ለልጆቻችሁ የምታጠጡትን ውሃ ግን ከየት እንደመጣ ጠይቁ፤ በማፍላት ፍሎራይድ አይወጣም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበዛል።

ወደ ወጥ ቤት ልመለስ፤ ሶዳ በእውነት የሚያምርበት እዚያ ነውና። አንድ ሐሙስ ትዝ ይለኛል። መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ሊጡ ሳይጋገር ቆየ። በአዳማ ሙቀት ሁለት ቀን ለሊጥ ብዙ ነው። እማዬ ክዳኑን ስታነሣ ሽታው ዐይን ያስለቅሳል። ሌላ ሰው ይደፋው ነበር። እሷ ከሶዳዋ በሦስት ጣቷ ቆንጥራ በግማሽ ስኒ ውሃ በጠበጠችና ሊጡ ላይ ዙሪያውን አፈሰሰችው። ሊጡ ሽ... እያለ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተነሣ፤ የተኛ ከብት ጎኑን ሲያነሣ እንደሚመስለው። በእጇ አንዴ ብቻ አማሰለችው። ምጣዱ ላይ ስታዞረው ዐይኑ እንደ ወንፊት ጥቅጥቅ ብሎ ወጣ፤ ኮምጣጣነቱም ልኩ ላይ ቆመ። «ብዙ ከሆነ ሳሙና ሳሙና ይላል፤ መልኩም ቢጫ ይሆናል» አለችኝ። እርሾው ሊጡን ያኮመጠጠው አሲድ እየሠራ ነው፤ ሶዳው ከፊሉን ገደለው፤ ጋዙም ዐይን አወጣ። እማዬ የኬሚስትሪ ትምህርት ባትማርም ልኩን ጣቶቿ ያውቁታል።

ለቦምቦሊኖም ሆነ ለኬክ ደንቡ ይኸው ነው። እርጎ፣ አሬራ፣ ሎሚ ወይም ማር የገባበት ሊጥ ሶዳ ይቀበላል። ኮምጣጣ ነገር የሌለበት ቤኪንግ ፓውደር ይፈልጋል፤ ሶዳ ብቻውን ከገባበት ጣዕሙ ይመርራል።

ቁርስ ቤቶች ፉል ሲቀቅሉ ባቄላው ላይ ሶዳ ጣል የሚያደርጉትም ያለ ምክንያት አይደለም። የባቄላውን ሽፋንና ውስጡን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን በሶዳ ውስጥ ቶሎ ይፈታል፤ ከሰልም ይቆጥባል። ከሰል እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ሶዳ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል። እኔ ቦሎቄም ባቄላም ስዘፈዝፍ ለአንድ ኪሎ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እጨምርና መዘፍዘፊያውን ውሃ ደፍቼ በንጹህ ውሃ እቀቅላለሁ። ድስቱ ውስጥ ጨምሮ አብሮ ማፍላት አልወድም። ድስታችሁ አልሙኒየም ከሆነ ደግሞ ሶዳው ያጠቁረዋል።

ቲማቲምና ጎመን ለማጠብም እጠቀምበታለሁ። ዙሪያችን የመስኖ አትክልት አገር ነው፤ አትክልቱ ላይ ብዙ ጊዜ ኬሚካል ይረጫል። በ2017 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የሊሊ ሄ የምርምር ቡድን ሁለት ዓይነት ፀረ ተባይ የተቀባ ፖም በተለያየ ውሃ አጥቦ ነበር። 10 ግራም ያህል ሶዳ በአንድ ሊትር የተበጠበጠበት ውሃ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ ከላይ ያለውን ቅሪት ከተራው ውሃ በተሻለ ሁኔታ አስለቀቀ። ወደ ልጣጩ ውስጥ ዘልቆ የገባውን ግን አላወጣውም። 10 ግራም ማለት ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ነው። ብዙ አይፈጅም፤ ቲማቲሙን እዚያ ውስጥ ትቼ ሽንኩርት ስከትፍ ጊዜው ይደርሳል።

የቤት ጽዳቱን በአጭሩ ልለፈው። የተቃጠለ ድስት ላይ እርጥብ ሶዳ መርጎ ማሳደር ጥላሸቱን ያላቅቃል። ፍሪጅ ውስጥ በክፍት ስኒ ማስቀመጥ ሽታ ይቀንሳል። ጫማ ውስጥ ነስንሶ ማሳደርም እንዲሁ። ባጃጅ የሚነዳው ወንድሜ የባትሪው ጫፍ ላይ የሚበቅለውን ነጭና አረንጓዴ ብስባሽ በሶዳ ውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጸዳዋል፤ ያ አሲድ ነውና ሶዳው ዒላማውን አግኝቶ ይፈላል። አሲዱ ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ግን መፍትሔው ብዙ የሚፈስ ውሃ እንጂ ሶዳ አይደለም። ዘይት መጥበሻ ላይ ሲቀጣጠል እሳቱ ገና ትንሽ ከሆነ አንድ ጭብጥ ሶዳ መበተን ያጠፋዋል፤ ውሃ ግን በፍጹም።

የማይሠራውንም ልናገር። በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ድንጋይ ሶዳ አይነካውም፤ የሚያሟሟው ሎሚ ወይም አቼቶ ነው። ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ ሁሉን ማጽዳት የሚባለውም ለዐይን የሚያምር ትርዒት ነው። ፈልተው ሲያበቁ ሁለቱም ኃይላቸውን ጨርሰው ጨዋማ ውሃ ብቻ ይቀራል። አረፋው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ያለውን ልል ቆሻሻ ይነቀንቅ ይሆናል፤ ቅባቱን የሚወስደው ግን የፈላ ውሃና ሳሙና ነው። አቼቶ ካነሣሁ አይቀር፣ አቼቶን ከበረኪና ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብዬ ልንገራችሁ። እማዬ ከእናቷ የወረሰችው የብር መስቀል አለ፤ እስኪጠቁር ድረስ መሶብ ሥር ተጠቅልሎ ኖሯል። አንድ እሑድ ሳህን ላይ የአልሙኒየም ፎይል አነጠፍሁ፤ መስቀሉን ፎይሉን እንዲነካ አድርጌ አስቀመጥሁ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶዳ ነሰነስሁና የፈላ ውሃ አፈሰስሁበት። ወዲያው የተበላሸ እንቁላል ሽታ መጣ። የብር ጥቁረት ከድኝ ጋር የተጣበቀ ብር ነው፤ በሶዳው ውሃ ውስጥ ድኙ ብሩን ለቆ ወደ አልሙኒየሙ ይሄዳል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መስቀሉ አዲስ ሆነ። እማዬ አነሣችው፤ ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች፤ አገላብጣ አየችውና ፊቷ ጠቆረ። በሐረጉ ውስጥ ለዘመናት የተኛው ጥቁረት ስለጠፋ ቅርጹ ደበዘዘ። «የእናቴ እጅ የነካው ሄደ» አለች። ከዚያ ወዲህ አሮጌ የብር ጌጥ እንዲህ አላጸዳም። ሌላ ሰው ሲጠይቀኝም ቅርጽ የሌለበትን ገጹን ብቻ በጨርቅ አሹት እላለሁ።

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ጉዳይ ልምጣ። በየቀኑ ስልኬ ላይ «ሎሚና ሶዳ በባዶ ሆድ ለቦርጭ» የሚል ነገር ይደርሰኛል። ሎሚና ሶዳ ሲገናኙ እንደሚጠፋፉ ከላይ ጽፌአለሁ። የምትጠጡት ጨዋማ ውሃ ነው፤ ስብ አያቀልጥም። «ሶዳና ሎሚ ለማድያት» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ጤነኛ የፊት ቆዳ ትንሽ አሲድነት አለው፤ ከጀርምና ከድርቀት የሚጠብቀው ያ ነው። ሶዳ ያንን ይገፍፈዋል፤ ሎሚው ደግሞ በአዳማ ፀሐይ ላይ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ጎረቤታችን ያለች ልጅ እንዲህ አድርጋ ማድያቷ ከበፊቱ ጠቁሮ ለወራት በነጠላ ተሸፍና ስትወጣ አይቻታለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው «ካንሰር አሲድ ነው፤ ሶዳ ጠጥታችሁ ደማችሁን አልካላይን አድርጉት» የሚለው ነው፤ አልካላይን የአሲድ ተቃራኒ ማለት ነው። የሰው ደም ፒ ኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ፣ ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል፤ ሳንባና ኩላሊት ሌት ተቀን የሚጠብቁት ናቸው። ሶዳ በመጠጣት ከዚያ ክልል ብታስወጡት የምትገቡት ድንገተኛ ክፍል ነው። ሐኪሞች ኩላሊቱ ለደከመና ደሙ ውስጥ አሲድ ለበዛበት ሰው የሶዳ እንክብል ያዝዛሉ፤ ግን በደም ምርመራ እየለኩ ነው። የካንሰር መድኃኒት አፋቸውን ላቆሰለባቸው ሰዎች ደግሞ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ አፍ መጉመጥመጥ በብዙ ሕክምና ቤቶች የሚመከር ማስታገሻ ነው። አፍ ያሳርፋል፤ በሽታውን አይነካም። ይህን አምታቶ ለታመመ ሰው ተስፋ መሸጥ ይቅር የማይባል ነገር ነው።

ሶዳ ሕይወት ያዳነበት ጊዜም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ተቅማጥ ለያዛቸው ልጆች ያዘጋጀው፣ ሕይወት አድን የምንለው ቅመም መጀመሪያ ሲወጣ በሊትር 2.5 ግራም ሶዳ ነበረበት፤ ከጨው፣ ከፖታሲየምና ከግሉኮስ ጋር። ወደ 1984 ገደማ ሲትሬት በተባለ የሎሚ አሲድ ጨው ተተካ፤ ምክንያቱ ሶዳው እንደኛ ባለ ሙቀትና እርጥበት ውስጥ ከግሉኮሱ ጋር ሲቆይ ቅመሙን ማበላሸቱ ነው። ልኩ ተመዝኖ፣ ለትክክለኛው በሽታ ሲሰጥ መድኃኒት ነበር።

የእማዬ ነገር ግን ልክም አልነበረው፤ በሽታውም ሌላ ነበር።

ከአምስት ዓመት ወዲህ ጉልበቷን ያማት ነበር። ለእሱ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዛች ትውጣለች። ዲክሎፌናክ የጨጓራን መከላከያ ያሳሳል። ጨጓራዋ ሲያቃጥላት «ቃር ነው» ብላ ሶዳውን ትበጠብጣለች፤ ቃጠሎው ይበርዳል። ቃጠሎው ስለበረደ ዲክሎፌናኩን ትቀጥላለች። ይህ ሁሉ እኔ ዐይን ሥር ነው የሆነው፤ ሶዳውን በየወሩ የምገዛላትም እኔ ነበርሁ። ማንኪያው ከልሙጥ ወደ ክምር፣ ከማታ ብቻ ወደ ጠዋትና ማታ ማደጉን አይቼ ምንም አላልሁም። እግሯ ማታ ማታ ሲያብጥ «ዕድሜ ነው» ተባባልን። የደም ግፊት መድኃኒቷ ሁለት ጊዜ ተጨመረ።

አንድ ቀን ቡና ልታፈላ ጎንበስ ስትል እዚያው ረከቦቱ ላይ ወደቀች። ስኒው ተሰብሮ እጇን ቆርጧታል፤ የሚደማው ደም ግን ውሃ ይመስላል። ይህን መቼም አልረሳውም።

ሐኪሙ ልጅ እግር ነበር። አልጋዋ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «እማማ፣ ሰገራዎ ምን ይመስላል?» ሲል ጠየቃት። እማዬ አፈረች፤ ወደ እኔ አየች። «ጥቁር ነው ልጄ፤ እንደ ቅጥራን። የጎመኑ መስሎኝ» አለችው። ስንት ጊዜ እንደሆናት ሲጠይቃት «ከፋሲካ ወዲህ» አለች። የተጠየቀችው ጥቅምት ላይ ነው። በኢንዶስኮፒ፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ ሲያዩት ከጨጓራዋ መውጫ፣ የትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ቁስለት ተገኘ፤ ለወራት እየደማ ኖሯል። የጨጓራ ባክቴሪያም ተገኘባት። ወንድሜና ሁለት የባጃጅ ጓደኞቹ ደም ሰጡ።

ያንን ባክቴሪያ የጨጓራ ቁስለት መንሥኤ ነው ያሉት ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል የተባሉ አውስትራሊያውያን ሐኪሞች ናቸው። ማንም አልሰማ ሲላቸው ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ፤ በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከእነሱ ግኝት ወዲህ ይህ ሕመም ፀረ ባክቴሪያዎችና አሲድ ቀናሽ ተሰጥቶ ብዙውን ጊዜ የሚድን ነው። ሶዳ ባክቴሪያውን አይገድልም። አሲዱን ለጥቂት ጊዜ ያጠፋና ከጨጓራ ይወጣል፤ ሕመሙ ዝም ይላል፤ ቁስሉ ይሰፋል።

ሐኪሙ ብልቃጡን አምጪ አለኝ። ማንኪያዋን ይዞ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ሠራልኝ። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ውስጥ ከ1,200 ሚሊ ግራም በላይ ሶዲየም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ቀን የሚፈቅደው ከምግብ ጭምር ከ2,000 በታች ነው። እማዬ በቀን ሁለት ክምር ማንኪያ ትወስድ ነበር። ያበጠው እግሯና አልወርድ ያለው ግፊቷ በዚያ ወረቀት ላይ ቁጭ ብለው አየኋቸው።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው። ጤነኛ የሆነ ሰው ቅባት በልቶ አንድ ቀን ቃር ቢይዘው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ ፈጽሞ እስኪሟሟ በጥብጦ ቢጠጣ ያሳርፈዋል። ሆድ ጢም ብሎ ከጠገበ በኋላ ግን አይጠጣም፤ ጋዙ በአንድ ጊዜ ሲወጣ ጨጓራ የቀደደባቸው ሰዎች አሉ። በውጭ አገር የሚሸጠው ካርቶን ላይ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በቀን ከሦስት ግማሽ ማንኪያ እንዳይበልጥ፣ በዚያ ልክም ከሁለት ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ ተጽፏል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ሐኪም ሳይጠይቁ አይወስዱትም። ሌላ መድኃኒት ከዋጣችሁ ደግሞ ቢያንስ ሁለት ሰዓት አራርቁት፤ የአንዳንዱን መድኃኒት ሥራ ያሰናክላል። ሰገራው የጠቆረ፣ የከሳ፣ ምግብ ሲውጥ የሚያንቀው ወይም ቃሩ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሰው ግን ሶዳውን ትቶ ዛሬውኑ ይመርመር። ደረቱን ሲጨንቀው ሕመሙ ወደ ክንዱና ወደ መንጋጋው የሚሄድበትም ቃር ነው ብሎ አይቀመጥ፤ ልብ ሊሆን ይችላል።

እማዬ ድናለች። ለጉልበቷ ሌላ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ግፊቷ ወረደ። ብልቃጡን ከራስጌዋ ያነሣሁት እኔ አይደለሁም፤ ከሆስፒታል በተመለሰች በሳምንቱ ራሷ ተሸክማው ወጥ ቤት ገባች፤ ከጨውና ከእርድ ጎን ደረደረችው። የወንድሜ ልጅ በክዳኑ ላይ «የሊጥ» ብላ በእስክሪብቶ ጽፋበታለች።

ባለፈው ጥምቀት እዚያው አደርሁ። መጋረጃው ዛሬም አለ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ዐይኔን ገልጬ የክዳኑን ድምፅ ጠበቅሁ። አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ከውጭ ነፋሱ ቆርቆሮውን ይነካካል። ማንኪያ አልዞረም። ጸጥታው ረዘመብኝና ልነሣ ብርድ ልብሱን ገፈፍ ሳደርግ፣ ከመጋረጃው ወዲያ «ተመስገን» አለች።